የትልቁ ኩሬ ሦስት ሰረዞች

የትልቁ ኩሬ ውኃ ከነእንቁራሪቶቹ እንቁላል የተለቀቀው ልጅቷ ሳታይ ሰሌዳ ላይ ሰረዝ ስላሰመረች ነው። ሌላ ሰበብ የለውም። ሰበብ ለመደርደር የሚያንስ ጭንቅላት የላትም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ኩሬው ዳር ከቆመች በኋላ መደርደሩ ራሱ አሳፈራት።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የጡብ መጭመቂያው ድንገት ቀጥ አለ። ጡብ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ጩኸት አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው ጸጥታ ነው። እሷ በጥራት ክፍል ጠባብ ቢሮ ውስጥ የናሙና ጡብ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቅ ነበር። ቁጥሩ ሳይረጋ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ።

«አማካይ!» አለች እትዬ ቡሽ ከወዲያ በኩል። «ተነሺና ነይ። ቦት ጫማ አድርጊ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ፓምፑ ጉሮሮው ተዘግቷል። በምን እንደተዘጋ በስልክ አልነግርሽም። መጥተሽ በዓይንሽ እዪው። ማየት የሚባለውን ነገር ታውቂዋለሽ አይደል?»

ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ ቡሽ የኩሬዎቹን ውኃ የምትከፍትና የምትዘጋ፣ ክንደ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ቡሽ ያሏት እንደ ጠርሙስ ቡሽ ኩሬ የምትነቅለውና የምትደፍነው እሷ ስለሆነች ነው። «አማካይ» ያሏት ደግሞ ይቺን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስታትስቲክስ ተምራ መጥታ፣ ገና በገባች በሳምንቷ የሠራተኛው ምሳ ሰዓት በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ አስልታ ለሥራ አስኪያጁ ስላሳየች፣ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። ልጅቷ አልተቀየመችም። ቸኩላ የምትሄድ ሰው ስለሆነች ለመቀየም የሚሆን ጊዜ ብዙም አታገኝም።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው።

ፋብሪካው ከጀርባው ሦስት ኩሬዎች አሉት። ሦስቱም የሸክላ አፈር ተቆፍሮ የወጣባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ዝናብ ሞላቸው፣ ሸንበቆ በቀለባቸው፣ ፋብሪካው አፈሩን ለማራስ ከእነሱ ይቀዳል። በአንደኛው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ዓሣ አለ። ወደ ሌላው ትንሽ ኩሬ የኖራ እጣቢ ይፈስሳል። ትልቁ ኩሬ ግን ንጹሕ ነው፤ ብርዱ በላላ ቁጥር እንቁራሪቶች ካሉበት ጉድጓድና ድንጋይ ሥር ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ፋብሪካው ትልቁን ኩሬ አፍስሶ ደለሉን የሚጠርገውም በዚያው ሰሞን ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን ዋሉ። ውኃው ሲለቀቅ የእንቁላሉ ልጋግ የፓምፑን ወንፊት ዘጋው፤ መጭመቂያው ቀኑን ሙሉ ቆመ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ለእንቁራሪት ሳይሆን ለመጭመቂያው አዝኖ፣ «ከእንግዲህ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ኩሬውን ይይ» ብሎ አዘዘ። የፋብሪካው በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። እንቁላል ካለ በጠመኔ ክብ ይደረጋል፤ ከሌለ ሰረዝ። ክብ ካለ እትዬ ቡሽ መክፈቻውን በእጇ አትነካም። የጠረጋው ቀን ደርሶ ሦስት ሰረዝ በተከታታይ ካየች ትነቅላለች።

ያ «አንድ ሰው» የልጅቷ አጎት ነበር። ያኔ የምድጃው ኃላፊ ነው። ከእሳት ጋር ውሎ ከእሳት ጋር የሚያድር ሰው ስለነበር ውኃ ዳር መሄዱን እንደ እረፍት ያዘው፤ ከዚያ እንደ ሥራ፤ ከዚያ ስሙን ለመናገር የሚያፍርበት ዓይነት ፍቅር ሆነበት። ጡረታ ሲወጣ ሁሉንም አስረክቦ ጠመኔውን ግን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ቤታቸው ከፋብሪካው አጥር ጋር የተጣበቀ የሠራተኛ ቤት ስለሆነ ማንም ምንም አላለውም። በየዓመቱ አንድ ደብተር ይሞላል፤ ሃያ ሁለት ደብተር አለው።

ከአምስት ሳምንት በፊት ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆስፒታል ሊገባ ሲል ልጅቷን ጠራት። የእናቷ ወንድም ነው፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋትም እሱ ነው። ጠመኔውን መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

«አይተሽ ነው የምታሰምሪው» አላት። «አይተሽ።»

«እሺ ጋሼ፤ ገባኝ። ሰረዝና ክብ ነው፤ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም።»

ገብቷት ነበር። ችግሩ ከሚገባው በላይ መግባቱ ነው። ሃያ ሁለቱን ደብተሮች በአንድ እሑድ ከሰዓት ኮምፒውተር ውስጥ ከተተቻቸው። በየዓመቱ የመጀመሪያው እንቁላል የታየበትን ቀን አወጣች፣ አማካዩን አሰላች፣ የቀደመውንና የዘገየውን ለየች። በየገጹ ዳርቻ ላይ አጎቷ የጫጫራቸውን ቃላት ግን ዘለለቻቸው፦ «ዝናቡ ለብ አለ»፣ «አፈሩ ሸተተ»፣ «ሸንበቆው ሥር አረፋ አየሁ»። እነዚህን በየትኛው ዓምድ ታስገባቸው? ቁጥር አይደሉም።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ዓርብ ስሌቷ የነገራት እንዲህ ነበር፦ ለአማካዩ ቀን ገና አሥራ ስድስት ቀን ይቀራል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሁሉ ለቀደመው እንኳ ዘጠኝ። ዝናብ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ጫማዋ አዲስ ነው። ቅዳሜና እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆመችና የቅዳሜን፣ የእሑድንና የሰኞን ቤት በሦስት ሰረዝ ሞላች። ቀጥ ያሉ፣ እኩል የሆኑ፣ ያማሩ ሰረዞች ነበሩ። የጠመኔውን ብናኝ ከጣቷ እፍ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜን ሙሉ ዘነበ። ማታ ላይ አጎቷ ከአልጋው ሳይነሳ መስኮቱን በክራንቹ ጫፍ ገፍቶ ከፈተና አፍንጫውን ወደ ውጭ አስረዘመ።

«ይሄ ዝናብ ለብ ያለ ነው» አለ። «ዛሬ ይወጣሉ። ነገ በጠዋት ሂጂና በሸንበቆው በኩል እዪ።»

እሑድ ቁርስ ላይ ጠየቃት። «ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«እህሳ?»

«የለም።» ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

«በሸንበቆው በኩል አየሽ? በደንብ?»

«በደንብ ጋሼ። ምንም የለም።»

አጎቷ መስኮቱን ዘጋው። «በቃ አፍንጫዬም ጡረታ ወጣ» ብሎ ሳቀ፤ እሷም አብራው ሳቀች። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ በቀን ሦስት ጊዜ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እንዲል አዝዛው ነበር። የዚያን ዕለት ከአልጋው አልወረደም። ሰኞ ጠዋትም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር ጥላው የወጣችው። «አትንቀሳቀስም እንዴ?» ብትለው «ለማየት የምሄድበት የለኝ» አለ። ቸኩላ ስለነበር የሰማችውን አላዳመጠችውም።

እንግዲህ ቦት ጫማዋን አድርጋ ከምድጃዎቹ ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ስትወርድ ልቧ ውስጥ የነበረው ይሄ ሁሉ አልነበረም። የነበረው ንዴት ነው። ፓምፕ ተበላሸ ብሎ የጥራት ክፍልን መጥራት ምን የሚሉት ነው? የምትለውን አፏ ውስጥ አሰናድታ ነበር።

ኩሬው ዳር ስትደርስ አፏ ባዶ ሆነ።

ሰማይ በውኃው ላይ ይታይበት የነበረው ቦታ ጭቃ ነው። ውኃው ወደ መሃል ሸሽቶ ከጉልበት የማያልፍ ቡናማ ገበቴ ሆኖ ቀርቷል። በሸንበቆው በኩል፣ ውኃው ጥሎት በሄደው ተዳፋት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያበራ ነገር ተቆልሏል። መጀመሪያ የተሰበረ መስታወት መሰላት። ፋብሪካው ከየት አምጥቶ ይሄን ያህል መስታወት ደፋ ብላ ቀረብ አለች። መስታወት አይደለም። እንደ ዶቃ የተያያዘ፣ ጥርት ያለ ልጋግ ነው፤ እያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ። አንዱ ክምር ጎድጓዳ ሳህን ይሞላል። ክምሮቹን ለመቁጠር ጀመረችና እንደ ልማዷ ወደ አሥር ስትደርስ ልታባዛ አሰበች። ዓይኗ ግን ወደሚቀጥለው ክምር፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየሄደ እምቢ አላት።

ከዚያ እንቁራሪቶቹን አየች። ጭቃ መስለዋት ነበር። አንዱ ጭቃ ዓይን ሲከፍት፣ ዙሪያው ሌሎችም ዓይኖች እንዳሉ ታያት፤ ዳራቸው የወርቅ ቀለበት የመሰለ፣ የማይርገበገቡ። አልሸሹም። ውኃው ወደሄደበት ወደ መሃል ዞረው፣ እያንዳንዱ ከእንቁላሉ አጠገብ ተለጥፎ ተቀምጧል። ከገበቴው ውስጥ የሩቅ ሞተር የመሰለ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመጣል። አንድ ጉሮሮ አይደለም፤ መቶ ነው፣ አንድ ላይ።

እትዬ ቡሽ ከፓምፑ ሥር ወጣች። እስከ ብብቷ ረጥባለች። ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ፣ ከወንፊቱ ላይ የፋቀችውን ልጋግ ታቅፋ ነበር። ልጅቷ አፍንጫ ሥር አምጥታ ያዘችላት።

«ይሄ ሰረዝ ነው?»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እኔን ክብ ነው የመሰለኝ። ከሳትኩ አርሚኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«ዓርብ ነው ያሰመርኩት» አለች ልጅቷ። «ሦስቱንም።»

እትዬ ቡሽ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን እጇ ላይ ያለውን ልጋግ ቁልቁል አየችና ድምጿ ተቀየረ።

«እኔም ሳላይ ነቀልኩት» አለች። «ሰሌዳውን አይቼ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጎትሽን አምኜ ስነቅል፣ አንድ ቀን እዚህ ወርጄ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አይቼ አላውቅም። ታምኛለሽ? ከመክፈቻው እስከዚህ አርባ እርምጃ ነው።»

ከዚያ ተነቃነቀች። «አልቅሺ እንዳልልሽ ጊዜ የለንም። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው። መክፈቻውን ዘግቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ደለል ጠራጊው ማሽን ይገባል፤ አስቁሙት ብል ማንም አይሰማኝም። ሐሙስ መልሼ እሞላዋለሁ። እስከ ሐሙስ የት እናኖራቸው? የዓሣው ኩሬ ውስጥ ብንደፋቸው ድግስ ነው የሚሆኑት። በኖራው ይቀቀላሉ።»

«እኛ ቤት የሲሚንቶ ገንዳ አለ» አለች ልጅቷ። «የልብስ ማጠቢያው። ትልቅ ነው።»

«ከዚሁ ኩሬ ውኃ ይዘን ነው ታዲያ። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት አለው። ሂጂ ባልዲ አምጪ። ጋሪም።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ክምር ለማንሳት ሁለት እጇን ከሥሩ ሰደደች። ቀዝቃዛና አስጠሊታ ነገር ጠብቃ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ጭቃው እርግጥ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ክምሩ ልብ የገቡት ጣቶቿ ግን ሌላ ነገር አገኙ። ሞቅ ይላል። ብዙ አይደለም፤ ሰው ተነስቶ የሄደበት ወንበር ያህል። እጇን አውጥታ ጭቃውን ነካች፣ መልሳ አስገባች። ሞቅ ይላል።

«እትዬ» አለች። «ነይ ንኪው።»

እትዬ ቡሽ ነካች። ሁለቱም ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ልጋግ ውስጥ ነክረው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሕፃን ተያዩ።

መጭመቂያው የቆመባቸው ሠራተኞች ሥራ ፈት ስለነበሩ ጉዱን ለማየት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወረዱ።

«አማካይ፣ እንቁራሪቶቹ ያንቺን ሠንጠረዥ አላነበቡትም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ማንበብ አይችሉማ» አለ ሌላው፤ «እንደኛው ናቸው። ማስታወቂያ ቢለጠፍላቸው አያዩም።»

«ወይ ለምሳ ሰዓት ስሌቷ ነው የተበቀሏት!»

ልጅቷ ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት መልስ ነበራት። ክምሩን በባልዲ አድርጋ እንደ ተኛ ልጅ ደረቷ ላይ ደግፋ በሰዎቹ መሃል ስታልፍ ቀልዱ እየሳሳ መጣ። አንዱ አጎንብሶ ባልዲዋ ውስጥ አየና ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ራሱም ሳይገባው መልሶ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ የጡብ ጋሪዎቹ በረድፍ ወረዱ።

እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ስድሳ አንድ ክምር አነሱ። ከዚያ በላይ አልቻሉም። ከዳር ያለው ፀሐይ አግኝቶት እንደ ሙጫ ደርቋል፤ መጀመሪያ የተለቀቀው ውኃ ደግሞ ስንቱን ይዞ በቦዩ እንደወረደ ማንም አያውቅም። ስንት እንደጠፋ ሠራተኞቹ ሲጠይቋት «አላውቅም» አለች። ግምት እንኳ አላቀረበችም።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል በቤቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው፤ ለጓሮ የራሱ በር አለው። በዚያ በር ገብተው ገንዳውን በኩሬ ውኃ ሞሉትና ባልዲዎቹን እያጋደሉ ደፉ። የመጨረሻው ባልዲ ሲደፋ ልጅቷ ወደ ገንዳው አጎንብሳ አየችና ክው አለች።

ጥቁሮቹ ነጥቦች ጠፍተዋል። በየዶቃው ውስጥ ያለው ነጥብ ነጭ ነው፤ የሞተ ዓሣ ዓይን የመሰለ፣ ፈዛዛ ነጭ።

«ምን አደረግናቸው?» አለች እትዬ ቡሽ በሹክሹክታ።

«አላውቅም።»

«ገደልናቸው?»

«እትዬ፣ አላውቅም አልኩሽ!»

ጥቁር የነበረ ነገር ሁሉ እጃቸው ውስጥ ነጭ ሆኖ ነበር። ልጅቷ የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ በውኃው አልፎ የገንዳው ወለል ላይ የልጋጉን ጥላ እንደ መረብ ዘርግቶታል። መሄድ ነበረባት፤ ቢሮዋ ውስጥ ጡቡ ሚዛኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አልሄደችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚሆነውን ሳታውቅ፣ ምንም ሳታሰላ፣ አንድ ነገር ላይ አፍጥጣ ቆመች።

አንዱ ዞረ።

ዓይኗ ያታለላት መስሏት አንዱን ነጥብ ለብቻው መርጣ ያዘችው። ነጭ ነው። ነጭ ነው። ከዚያ ከጫፉ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ አለ፤ ልክ ጨረቃ ጥላ ሲገባባት እንደሚሆነው። መስመሩ ሰፋ። ማንም ሳይነካው፣ ዶቃው ራሱ ሳይንቀሳቀስ፣ ውስጡ ያለው ትንሽ ኳስ በዝግታ ይሽከረከራል። ጎኑ ያለውም ጀምሯል። ከዚያኛውም ጎን። አሁን ገባት፦ ከላይ ጥቁር ከሥር ነጭ ናቸው። ባልዲው ሲደፋ ተገልብጠው ነበር፤ አሁን የትኛው ወገናቸው ወደ ሰማይ መዞር እንዳለበት እያንዳንዳቸው ያውቃሉ። ዓይን የላቸውም። ጆሮ የላቸውም። ገና ምንም የላቸውም፤ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ግን ላይና ታች ያውቃሉ።

ነጩ ገንዳ ከዳር ጀምሮ ጠቆረ። የዳመና ጥላ በሜዳ ላይ እንደሚሄድ፣ ጥቁረቱ ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው አለፈ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩት ሁሉ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ጸጥ አሉ። ድምፅ አልነበረውም። ልጅቷ ግን አንድ ትልቅ ሕዝብ ፊቷ ብድግ ያለ ያህል ጸጉሯ ቆመ።

እትዬ ቡሽ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አፏን በእርጥብ እጇ ይዛ «ጉድ» አለች፤ ትንሽ ቆይታም እንደገና «ጉድ»።

«ማን ነው እዚያ?» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ መጣ። «ቧንቧ ፈነዳ እንዴ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እትዬ ቡሽ አገጯን ወደ በሩ ቀሰረች፤ ያንቺ ነው፣ ማለቷ ነው።

ልጅቷ ኮሪደሩን አቋርጣ የአጎቷ ክፍል በር ላይ ቆመች። ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው፤ የታመመው እግሩ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። «ልብስ እያጠብኩ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልክ እንደ እሑዱ «የለም»፣ ያለ ምንም ልፋት፣ ራሱን አዘጋጅቶ። መልሳ ዋጠችው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሌሊት ወጥተዋል።»

አልዞረም። «እነማን?»

«እንቁራሪቶቹ። ልክ እንዳልከው።»

አሁን ዞረ። ጭቃዋን አየ፤ ከቦት ጫማዋ እስከ ጸጉሯ። «ትናንት የለም አላልሽኝም?»

«አልሄድኩም። ትናንትም አልሄድኩም፤ ዛሬም አልሄድኩም። ሰረዞቹን ዓርብ ነው ያሰመርኳቸው፣ ሦስቱንም። ስሌቴ ገና ነው ስላለኝ። እትዬ ቡሽ ሦስት ሰረዝ አይታ ነቀለችው።»

በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። ይቅርታ የሚል ቃል አልጨመረችበትም፤ ገንዳው ውስጥ ካየችው ነገር ፊት ቃሉ የስልክ መልእክት ያህል አነሰባት።

«ውኃው ሄዷል?» አለ።

«ሄዷል። ሐሙስ ትሞላዋለች።»

«እንቁላሉስ?»

«ስድሳ አንድ ክምር ገንዳችን ውስጥ አለ። ከኩሬው ውኃ ጋር። የቀረውን ቦዩ ወስዶታል፤ የደረቀም አለ።»

«ስትደፉት ተገለበጠ?»

«ተገለበጠ። ከዚያ ዞሩ። ራሳቸው ናቸው የዞሩት ጋሼ፤ ማንም ሳይነካቸው፣ ሁሉም፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር...» ቀጥ አለች። በእጇ አየር ላይ አንድ ነገር አዞረችና እጇን ዝቅ አደረገች።

አጎቷ ፊት ላይ ቁጣና እፎይታ በአንድ ጊዜ መጡ፤ አንዱ ሌላውን ሳያስወጣው።

«ዝናቡ ለብ ያለ ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«አፍንጫዬ ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር።»

«እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ይሄን ግድግዳ እያየሁ፣ አበቃልኝ በቃ፣ ከእንግዲህ ምንም አላውቅም እያልኩ...» አልጨረሰውም። ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። «ስድሳ አንድ ነው ያልሽው?»

«ስድሳ አንድ።»

«አይተሽ?»

«አይቼ። ቆጥሬ።»

«በምን ልመንሽ?»

ሊያዋርዳት አልነበረም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስ ይጠብቃል። ልጅቷ መልስ ፈለገች። ለሁሉም ነገር ማስረጃ የምታቀርብ ልጅ፣ በዚህች ክፍል ውስጥ ለገዛ ቃሏ የምታቀርበው አንድም ነገር አጣች።

«አትመነኝ» አለች።

«አላምንሽም» አለ አጎቷ። «ክራንቹን አቀብዪኝ።»

ተነሳ። አምስት ሳምንት ሙሉ ነርሷ ለምናው እስከ ክፍሉ ደጃፍ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው፣ ደጃፉን አለፈው። ክርኑን ልትይዝለት ስትጠጋ «ልቀቂ» አላት። ለቀቀች። ክራንቹ የኮሪደሩን ወለል ቀስ እያለ መታ፤ በየመሃሉ ቆሞ ይተነፍሳል፣ ግንባሩ በላብ ተሸፍኗል፣ ዓይኑ ግን ከኮሪደሩ ጫፍ አልተነቀለም። እሷ ከኋላው ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካው፣ እርምጃውን እየረገጠች ተከተለችው።

እትዬ ቡሽ ባልዲዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። «ጋሼ! ቆምክ እንዴ?»

«አንቺንስ ሳታዪ ንቀዪ ያለሽ ማን ነው?»

«ሰሌዳው ነዋ።»

«ሰሌዳ ዓይን አለው?»

እትዬ ቡሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አሳለፈችው።

የማጠቢያው ክፍል ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ውስጥ አላየም ገና። ሳይዞር አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

«ጠመኔውን» አለ።

ልጅቷ እጇን ኪሷ ከተተች። ጠመኔው በኩሬው ውኃ ርሶ ግማሹ ሟሙቷል። የቀረውን መዳፉ ላይ አኖረችለት። አጎቷ በፒጃማው የደረት ኪስ ከተተው፣ ክራንቹን አሻግሮ ደፉን ተራመደ፣ ብርሃኑ ውስጥ ገባና እሷን ኮሪደሩ ላይ ትቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።